ይድረስ ለአቶ ፔዳል

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ?

ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ዘጠኝ ክረምት በአንድ «እንደምን ከረምክ» እንዴት ይጠየቃል? የመጨረሻዋ መልእክትህ የድሮው ስልኬ ውስጥ አለች። «ደርሻለሁ፣ በረዶ ነው» ትላለች። በማግስቱ ልመልስልህ ነበር። ከዚያ በሳምንቱ። ከዚያ ዓመት አለፈና፣ መልስ ለመጻፍ መጀመሪያ ሰበብ መፈለግ ግድ ሆነ። ይቅርታ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ፤ አሁን ግን አንብበኝ፣ ጉዳይ አለኝ።

(«ያው ጉዳይ ሲኖረው ነው የሚጽፈው» ስትል ሰማሁህ። ልክ ነህ።)

ነገሩ የጀመረው በቪዲዮ ነው። የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ የሰርግ ቪዲዮ አግኝታ «አጎቴ፣ ይሄን ቀሚስ እይልኝ» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። እዚያው እናንተ ሠፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰዋል። እንግዳው ሰሃን ይዞ ተሰልፏል። እሷ ቀሚስ ታያለች፣ እኔ ከኋላ ኪቦርድ እሰማለሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ በሁለት ዘፈን መሀል ለራሱ የሚነካካው ነገር አለ። ቀስ ያለ፣ እንደ ሰው እርምጃ እኩል እኩል የሚሄድ። ቢ ፍላት ማይነር። ዐሥር ሰኮንድ ቢሞላ ነው፤ ወዲያው ከበሮው ገባና ጭፈራው ቀለጠ።

«መልሺው» አልኳት።

«ቀሚሷን?»

«አይ፣ ሰልፉን።»

ስድስት ጊዜ አስመለስኳት። በስድስተኛው ካሜራው ዞር ሲል ጆሮህ ታየ። ያንን ጆሮ ማን ይስተዋል?

አንተ ሰውዬ፣ የፈረንሳዩን የፑላንክን ካንቲሌና፣ ያንን የፍሉትና የፒያኖ ሶናታውን ሁለተኛ ክፍል፣ በክትፎ ሰልፍ ላይ?

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አለቀ። እኔ እኮ የረሳኸው መስሎኝ ነበር። እንደውም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንድትረሳው እፈልግ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጋሼ ታመዋል። አትደንግጥ፣ አልጋ ላይ አይደሉም። ዓይናቸው ነው። አንዱ ጨርሶ ሄዷል፣ ሌላው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያሳያቸው። ኖታ ማንበብ ካቆሙ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እሁድ እሁድ እየሄድኩ ቡና እንጠጣለን፣ ሬድዮ ላይ የሚሰሙትን ሁሉ አብረን እናማለን። ምላሳቸው ምንም አልሆነም፣ ስለሱ አታስብ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ስኒያቸውን በእጃቸው ዳብሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና፣

«ያንን የፈረንሳዩን ነገር ጨረሳችሁት?» አሉኝ።

«የቱን ጋሼ?» አልኩ፤ የቱን እንደሆነ እያወቅኩ።

«መሀሉ ላይ ጥላችሁት የወረዳችሁትን።»

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ! የትናንት ምሳቸውን ይረሳሉ፣ ይሄን አልረሱም። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አሜሪካ ነው ያለው» አልኳቸው።

«አሜሪካ ፒያኖ የለም?»

ምን ብዬ ልመልስ?

አሁን የምነግርህን በስልክ አልችለውም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። በ2004ቱ ምሽት፣ አንተ በፒያኖ እኔ በፍሉት ስንጫወት፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሮጥከው አንተ አይደለህም። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ከመድረክ ወርደን ኮሪደሩ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «ሮጠብኝ» ያልኩት ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን ግን ያኔ አላወቅኩም። ከልቤ አምኜበት ነው የተናገርኩት፤ ይሄ ቢያቀልልኝም ባያቀልልኝም። አንተ ምንም አላልክም። ኖታህን በዚያች ሰማያዊ ፌስታል ጠቅልለህ ወጣህ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ማኪያቶ ጠጣን፣ ኳስ አየን፣ ስለዚያ ምሽት ግን አንድ ቀን አላነሳንም። ፒያሳ የምንቀመጥባት ቤት ፈርሳለች፣ ይሄንንም አልነገርኩህም። እኔማ ወሬው እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

እንዴት አወቅክ በለኝ። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አስተምራለሁ። ጎበዝ ናት፣ ግትር ናት፣ እኔን ነው የምትመስለው። ካንቲሌናውን ሰጠኋት። ዜማው ረጅም መሆኑን ታውቃለህ፤ መተንፈሻ የለውም ማለት ይቀላል። ልጅቷ መጨረሻ ላይ አየር ያልቅባታል፣ ትተነፍሳለች፣ ለትንፋሿ የሚሆን ጊዜ ግን ካለፈው ኖታ ቆርሳ አትወስድም፤ የሚቀጥለውን ታስጠብቃለች። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ግማሽ ምት። የተጻፈው ፍጥነት በደቂቃ 52 ምት ነው፤ ግማሽ ምት ማለት ከግማሽ ሰኮንድ ትንሽ ያልፋል። ለሰሚ ምንም አይመስልም። አራቴ ስትተነፍስ ግን ፒያኖው ሁለት ምት ቀድሟታል። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ከፈትኩላት። አራተኛው ትንፋሽ ላይ ፍሉቱን ከአፏ አውርዳ፣

«ቲቸር፣ ሜትሮኖሙ ይሮጣል» አለችኝ።

«ሜትሮኖም አይሮጥም፤ አንቺ ነሽ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ።

ልጅቷ እስከ አሁን ምን እንደነካኝ አልገባትም። «ዛሬ ይበቃናል» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ያንን የድሮ የቴፕ ቅጂ ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። አላስፈለገኝም። በጭንቅላቴ ሙሉውን ሰማሁት፤ ግራ እጅህን፣ ስትጠብቀኝ፣ አሁንም ስትጠብቀኝ፣ ከዚያ መጠበቅ ሲያቅትህ።

ይኸው። ተናገርኩት። ወደ ሌላ እንለፍ።

ሌላም አለ እንጂ! «አቶ ፔዳል» ያልንህን ታስታውሳለህ? እግሩ ድምፅ በሚያስረዝመው የፒያኖ ፔዳል ላይ ተጣብቋል፣ በመዶሻ ነው የሚነሳ እያልን የሳቅንብህን? ሰሞኑን ስለ ሰውዬው ሳነብ ከረምኩ። ፑላንክ ለካ ሙዚቃውን በቁጠባ ፔዳል የሚጫወትለት ፒያኒስት ያናድደው ነበር። በልጅነቱ ያስተማረው ሪካርዶ ቪኜስ የፔዳል ሊቅ ነበርና ከእሱ የወረሰው ነው። ፔዳል ሲበዛ ነው ደስ የሚለው። ስለዚህ ትክክል የነበርከው አንተ ነህ፣ የተሳሳትነው መላው ክፍል ነን። በሕይወት ያሉትን ሁሉ ወክዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሙን ግን አናነሳልህም።

ሰውዬውን ባወቅኩት ቁጥር አንተን ይመስለኛል። ክሎድ ሮስታን የሚባል ሃያሲ «ግማሽ መነኩሴ፣ ግማሽ ዱርዬ» ብሎታል። ሶናታውን ሲጽፍ ሁለቱም ላዩ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ዲሴምበር እስከ 1957 ማርች፣ ካን ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የጻፈው። እዚያው መሀል በጃንዋሪ ሚላኖ ሄዶ የካርሜላውያን መነኮሳትን ኦፔራ ላ ስካላ ላይ አስመርቋል፤ መነኮሳቱ እየዘመሩ አንድ በአንድ አንገታቸው የሚቀላበትን። ከዚያ ተመልሶ የኛን ሶናታ ጨረሰ፤ ሦስተኛ ክፍሉ እንዳመለጠ ፍየል የሚዘለውን። እንዲያውም ሦስተኛው ዝም ብሎ ፈንጠዝያ እንዳይመስልህ። በመሀሉ የመጀመሪያው ክፍል ዜማ ድንገት ብቅ ይላል። ሰርግ ላይ እየጨፈርክ የሞተ ሰው ትዝ እንደሚልህ ዓይነት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጭፈራው ይቀጥላል። ያኔ እዚያ ክፍል ሳንደርስ ስለወረድን ይሄን ሁለታችንም በመድረክ አልቀመስነውም።

ደግሞ ስማ፣ ይሄ ሥራ የናንተ አገር ገንዘብ ነው የወለደው። ኤልዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ የምትባል ባለጠጋ የሙዚቃ ሰው ነበረች፣ በ1953 ሞተች። በሷ ስም የቆመው ፋውንዴሽን ዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለመታሰቢያዋ አንድ ነገር ጻፍልን ብለው ፑላንክን አዘዙት። እሱ ሴትዮዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ፍሉት ተጫዋቹ ዣን ፒየር ራምፓል ደግሞ ዘወትር «የፍሉት ሶናታ ጻፍልኝ» እያለ ይወተውተው ነበር። ፑላንክ ስልክ ደወለለትና፣ የምትፈልገውን ልጽፍልህ ነው፣ ደስ የሚለው ደግሞ የሚከፍሉት አሜሪካኖቹ ናቸው አለው። ግማሽ ዱርዬ ያልኩህ ለዚህ ነው። ኖታው ላይ የሴትዮዋ ስም አለ፤ ሙዚቃው ግን የራምፓል ነው።

እና አንተ ኡበር ስትነዳ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ስንቴ አልፈሃል? ካፒቶል ሂል ላይ ነው፤ ጄፈርሰን ሕንጻ ውስጥ የኩሊጅ አዳራሽ አለ። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እዚያ ነው፣ ፌብሯሪ 14 ቀን 1958። በፍቅረኞች ቀን! ራምፓል ነበር የተጫወተው። አንድ ቀን ተሳፋሪ ስታወርድ ቀና ብለህ እየልኝ። መግባት ካልቻልክ ከውጭም ይበቃኛል።

አሁን ወደ ዋናው። በጣም የገረመኝና ይሄን ሁሉ ሐሳብ ያመጣብኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት ስትራስቡርግ ነበር፣ ጁን 18 ቀን 1957፤ ራምፓል በፍሉት፣ ፑላንክ ራሱ በፒያኖ። ከዚያ አንድ ቀን ቀድሞ ግን ታላቁ ፒያኒስት አርቱር ሩቢንስታይን ከተማው ውስጥ ነበር። ሥራውን መስማት ይፈልጋል፣ በማግስቱ ግን ይሄዳል፣ ዝግጅቱ ላይ አይደርስም። ምን አደረጉ መሰለህ? ሁለቱ ለሱ ብቻ ተጫወቱለት። ባዶ አዳራሽ፣ አንድ ሰሚ። እውነተኛው የመጀመሪያ ዝግጅት ያ ነው ብል አላፍርም።

ይሄን ያነበብኩት ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ጠዋት ጋሼ ቤት ገብቼ ሶፋቸው ላይ፣ ያቺ ጠርዟ የተበላ ሶፋ ላይ፣ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው ሳያቸው ነገሩ ሁሉ አለቀልኝ። አንድ ሰሚ። እሳቸው። ሳሎናቸው ውስጥ።

አሁን «እዚያው አዲስ አበባ ፒያኒስት ጠፋ ወይ?» ትለኛለህ። አልጠፋም። ካንተ የሚበልጡም አሉ (ይቅርታ)። ግን ጋሼ «ጨረስከው ወይ» አላሉኝም። «ጨረሳችሁት ወይ» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ የምለምንህ ካንቲሌናውን ነው። አራት ደቂቃ ገደማ። የፒያኖውን ድርሻ ብቻ ተጫውተህ በስልክ ቀድተህ በቴሌግራም ላክልኝ። የእህቴ ልጅ ስፒከር አላት። ሌሎቹን ሁለት ክፍሎች ከወደድከው በኋላ እናያለን፤ ሙሉው ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ብዙ አይደለም... እሺ፣ አሁን አንዱን ብቻ። መጠየቄ ራሱ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ መጥቼ የቤት ሥራ ስሰጥህ። ካልተመቸህ «አይመቸኝም» በለኝ፤ አልቀየምም። ማለት፣ እቀየማለሁ፣ ግን መብት የለኝም።

ጭንቀቴን ልንገርህ? በየሌሊቱ አብሮኝ የሚያድረው እሱ ነው። ቅጂ አይጠብቅም። ያኔ አንተ ትጠብቀኝ ነበር፣ ያውም እየተሰደብክ። አሁን ከስፒከር የሚወጣው ፒያኖ እኔ ብታነቅም ባልታነቅም ይሄዳል። ሰሞኑን በየቀኑ እለማመዳለሁ። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ረጅሙን ኖታ በፀጉር ታህል ቀደም ብዬ እለቅና አየሬን እሰርቃለሁ። ሲሳካ ደስ ይለኛል። ካልተሳካ ግድግዳ አያለሁ። አንተ ቆላ ተቀምጠህ አየር በነጻ ትስባለህ፤ እኛ እዚህ 2,400 ሜትር ላይ ነን። ደግሞ አርባን ልረግጥ ነው። ሆዴም... ተወው፣ ፎቶ አልልክም።

ፍሉቷም አርጅታለች። የጂ ሻርፕ ቁልፏ ስፕሪንግ ተሰበረ። የሚጠግን ጠፍቶ መርካቶ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው በአጉሊ መነጽር ገለበጣት፣ አሸተታት ማለት ይቻላል፣ ከዚያ የልብስ ስፌት መርፌ አምጥቶ በእሳት አገላበጠና ቆርጦ አስገባላት። ትሠራለች! እርጥበት ሲሆን ብቻ ፓዷ ትጣበቃለች። በሲጋራ ወረቀት አደርቃታለሁ። የሱቁ ልጅ «ጋሼ፣ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ። ጋሼ! እኔን!

ጋሼ ስል፣ ያ ነገራቸውስ ትዝ ይልሃል? ካንቲሌናውን መጀመሪያ ስናሰማቸው «ይሄ ሰውዬ ትዝታ ሰምቶ ነው እንዴ?» ያሉት? አንተ ያኔ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው ብለህ ሰዓት ሙሉ ተከራከርካቸው። እውነትህን ነበር። እሳቸው ግን «እኔ የጠየቅኩህ ስለ ልቡ ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ። አሁን ያቺን ዜማ ስጫወት የሷ አምስት ፍላት ይጠፋብኛል፤ ጋሼ የጎበጠ ጣታቸውን እያወዛወዙ ይታዩኛል።

እሺ፣ አሁን ሥራ። በደንብ አንብበው።

ፍጥነቱ እንደተጻፈው ይሁን፤ 52። ለኔ ብለህ አታዘግየው። እለምንሃለሁ፣ አታዘግየው። ሰርግ ላይ ሰምቼሃለሁ፣ እዚያ ትንሽ ፈጥነሃል፤ የክትፎው ሽታ ይሆናል።

ፔዳሉን እንደፈለግክ። ባለቤቱ ፈቅዷል።

ኪቦርድም ይሆናል፣ ግን የእውነት ፒያኖ ከተገኘ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የሰው ሳሎን፣ የትም። ጎን ሕፃን ቢያለቅስ ግድ የለም፣ ሁለተኛ አትቅዳው። እኛም ጋ ጎረቤት ይወቅጣል።

አንድ የከበደኝ ነገር መግቢያው ነው። እነዚያ የኖታው ሁለት የመጀመሪያ ሜዠሮች። ፍሉቱ ይነሳል፣ ፒያኖው እንደ ገደል ማሚቶ ይከተለዋል። ስንጫወት እኔ ትከሻዬን አነሳ ነበር፣ አንተ አይተህ ትገባ ነበር። አሁን የምታየው ትከሻ የለህም፣ እኔም እጅህን አላይም። ሳስበው ሰነበትኩ። በጣት አታንኳኳ፣ ጋሼ ማንኳኳት አይወዱም። «አንድ፣ ሁለት» ብለህም አትቁጠር።

እንዲህ አድርግ። ስልኩን ወደ ፊትህ አስጠጋው። ልትጀምር ስትል በአፍንጫህ ድምፅ አውጥተህ ሳብ፣ በ52 ልክ፣ አንድ ምት ሙሉ። እኔ በዚያ ትንፋሽህ እነሳለሁ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ነው የምሄደው። ለዚህኛው እሁድ ካልደረሰ ለሚቀጥለው። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው፣
ትንፋሽ አጥሩ